ጋሽ ካውያ የቆረጡት ዘፈን

ልጃቸው ሦስት የቴአትር ትኬት ይዛ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ጋሽ ካውያ እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ባለቤታቸው "ጨጓራህ ነው" ብለው አለፉ። ልጅቷ ደግሞ የደስታ ነው አለች። የደስታውን ነገር እንኳ ተዉት። "ጀልበኛው" የተባለውን ሙዚቃዊ ቴአትር ይህ ቤተሰብ በመድረክ አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው በካሴት ነው፤ ሲያውቀው ግን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ነው። ዕቃ ሲታጠብ ይዘፈናል፣ ልብስ ሲተኮስ ይዘፈናል፣ መብራት ሲጠፋማ አይጣል ነው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ካሴቱ ሙሉ አይደለም፤ አንድ ዘፈን ጎድሎታል። ያጎደሉትም ጋሽ ካውያ ናቸው።

ጋሽ ካውያ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ከእጃቸው በማይለየው የብየዳ ካውያ ነው። የበኩር ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሙያውን ያስተምሩት ነበር። አንድ ቀን የደንበኛ አምፕሊፋየር ተቃጠለ። "አንተ ነህ ያቃጠልከው" ብለው ልጁን በሰው ፊት በጥፊ አጮሉትና "ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ" አሉት። ልጁም እልኸኛ ነው፣ አልረገጠም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ዕቃውን ፈትተው ቢያዩት ሽቦውን አዛብተው ያገናኙት ለካ ራሳቸው ኖረዋል። ይህ ለማን ይነገራል? ዋጥ አደረጉት።

በ"ጀልበኛው" ውስጥ ደግሞ ጀልበኛው አባት ያባረረውን ልጁን ወንዝ ዳር ቆሞ የሚጣራበት ዘፈን አለ። ያ ዘፈን በመጣ ቁጥር ባለቤታቸው የያዙትን ይዘው ባሉበት ይቆማሉ፤ ቤቱ ጭር ይላል። ጋሽ ካውያ አልቻሉትም። ሰው በሌለበት ክሩን በምላጭ ቆርጠው፣ ጫፍና ጫፉን በፕላስተር ገጥመው፣ "ቴፑ በላው" አሉ። ማን ይጠረጥራል? ቴፕ ክር ይበላል። ትንሿ ልጃቸው ያኔ አፏን እንኳ አልፈታችም ነበር፤ ያደገችው በተገጠመው ካሴት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ባለቤታቸውን መሃል አድርገው ተቀመጡ። ልጅቷ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምራ ከንፈሯ አላረፈም። ጋሽ ካውያ ግን ያ ዘፈን እየቀረበ ሲመጣ ትኬታቸውን ያጣጥፉ፣ መልሰው ይዘረጉ ጀመር። ምናልባት አሳጥረውት ይሆናል፣ ዘንድሮ የማያሳጥሩት ነገር የለም ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

የማዕበሉ ዘፈን አለቀ። በእነሱ ካሴት ወዲያው የሚከተለው የሠርጉ ነው። ልጅቷ አፍታም ሳትቆይ ጮክ ብላ የሠርጉን ዘፈን ጀመረችው። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩዋት። መድረኩ ላይ ሠርግ የሚባል ነገር የለም፤ ጀልበኛው ብቻውን ፋኖስ ይዞ ቆሟል።

"ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" አለች ፊቷ ቀልቶ። "አባዬ፣ እኛ ጋ ያለው ላይ እኮ የለም።"

"ዝም ብለሽ ስሚ" አሉ ጋሽ ካውያ።

ጀልበኛው መዝፈን ጀመረ። ወዲያው ከጎናቸው ሌላ ድምፅ ሰሙ። ባለቤታቸው አንዲት ቃል ሳይስቱ፣ ለስለስ አድርገው አብረውት ይዘፍናሉ። ስንት ዓመት ያልተሰማ ዘፈን እንዲህ አይታወስም።

"ታውቂዋለሽ?" አሉ ጋሽ ካውያ።

"ፕላስተሩን ያየሁት በማግስቱ ነው" አሉ ባለቤታቸው ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ። "ቴፕ የበላው ክር ይጨማደዳል እንጂ በምላጭ አይቆረጥም። የጠጋኝ ሚስት መሆኔን ረሳኸው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተስ?"

ጋሽ ካውያ አፈሩ። ማፈር ብቻም አይደል፣ እንደ ሕፃን ሆድ ባሳቸው። አንገታቸውን ሲደፉ በባለቤታቸው ጭን ላይ፣ ከሻርፓቸው ሥር፣ ብርሃን አዩ። ስልክ ነው። መስመሩ ክፍት ነው።

"እሱ ነው?"

"እሱ ነው። ይህን ዘፈን እንዳልረሳው በስልክ እየዘፈነ ያስጠናኝ እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ እኔ ላሰማው ብዬ ነው።"

ዘፈኑ አለቀ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ባለቤታቸው ስልኩን አንስተው፣ ዕቃ ያዝልኝ እንደሚል ሰው፣ ጋሽ ካውያ እጅ ላይ አስቀመጡትና ማጨብጨብ ጀመሩ። ጋሽ ካውያ ሊመልሱት ፈለጉ። ቢናገሩ ልጁ ጆሯቸው ላይ ይዘጋዋል። ሊዘጋም ይገባዋል። ዝም ማለቱን ግን ኖረውበት አይተውታል። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

"እማዬ?" ድምፁ ጎርንኗል፤ የሚያውቁት ድምፅ አይደለም። "እማዬ፣ አለቀ እንዴ?"



"አላለቀም" አሉ ጋሽ ካውያ። "እኔ ነኝ፣ አባትህ። አትዝጋው።"

መድረኩ ላይ የሠርጉ ዘፈን ተጀመረ፤ ልጅቷም የምታውቀው መጣላትና ተቀበለች። ጋሽ ካውያ ጎንበስ ብለው ሌላኛውን ጆሯቸውን በጣታቸው ደፈኑ። ከስልኩ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው።

"ያን አምፕሊፋየር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ" አሉት።