ልጄ ይረፍልኝ

የነርቭ ምርምር ላቦራቶሪው ባልደረቦች ረዳት ተመራማሪዋን «ሞግዚቷ» ይሏታል። ከታማሚዎች የተወሰደ ቆዳ መጀመሪያ ሌላ ዓይነት ሴል መሆን ወደሚችል ግንድ ሴል፣ ከዚያም ወደ ነርቭ ሴል ሲለወጥ ተንከባክቦ የማሳደጉ ሥራ የእሷ ነው። ሴል በዓል አያውቅም። እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ሲተኛ እሷ ጓንቷን አጥልቃ ሴሎቹ ከሚያድጉባቸው ትንንሽ ሳህኖች ያረጀውን ፈሳሽ በቀስታ ትመጥና አዲሱን ትጨምራለች። እጮኛዋ አንድ ሰሞን በቀልድ፣ ከእኔና ከሳህኖችሽ ምረጪ ብሏት ነበር። የመረጠች ይመስለኛል፤ አልተጋቡም።

በጣም ያስቸገሯት የአንድ ትንሽ ልጅ ሴሎች ነበሩ። ልጁ በሚጥል በሽታ ሞቷል፤ ቆዳው የተወሰደው ግን በሕይወት ሳለ፣ በእናቱ ፈቃድ ነው። ሴሎቹ ሆደ ባሻ ናቸው፤ ሙቀቱ ትንሽ ካነሰ ይረግፋሉ። ደጋግመው ሞተውባት ደጋግማ ከማቀዝቀዣው አውጥታ እንደ አዲስ ጀምራለች። በመጨረሻ ያዙላት። ቅርንጫፍ አወጡ፣ እርስ በርስ ተያያዙ፣ መልእክት መለዋወጥም ጀመሩ። መልእክታቸው ስክሪን ላይ እንደ ነጭ ብልጭታ ይታያል። አንዳንዴ ታዲያ ሁሉም ባንዴ ቦግ ይሉና ጸጥ ይላሉ። ልጁን የገደለው ያው ማዕበል ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥበቃው ደውሎ፣ አንዲት ሴት አልሄድም ብላ በር ላይ ቆማለች አላት። የልጁ እናት ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋ ከነክሩ ደረቷ ላይ እንደተሰካ መጥታለች። የልጅሽ አንጎል እዚያ ብርጭቆ ውስጥ እየኖረ ነው ያላት ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ረዳት ተመራማሪዋ አንጎል እንዳልሆነ፣ ተሰብስበው እንኳ ምስር የማያክሉ ሴሎች እንደሆኑ አስረዳቻት። እናትየዋ ሁሉንም አዳምጣ፣ ልየው ብቻ አለች።

ጋውን አልብሳ አስገባቻት። እናትየዋ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክላ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ከጎኗ ያለው ስክሪን ላይ ሁሉም ባንዴ ቦግ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

መዋሸት ቀላል ነበር። ረዳቷ አልቻለችም።

«ሕመሙ ነው፣ እናቴ። ሴሎቹ ውስጥ አብሮ አለ።»

«አሁንም ይጥለዋል በይኛ።»

«እሱ እዚህ የለም። የሚሰማው ሰው የለም።»

«በምን አወቅሽ?»

ረዳቷ መልስ አላጣችም። ሥቃይ እንዲሰማ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ዘርዝራ መናገር ትችል ነበር። የሴትየዋን ፊት አይታ ግን ዋጠችው።

የላቦራቶሪው ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር ተጠርተው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። በልጁ ሴሎች ላይ የሚሞከረው መድኃኒት ሰሞኑን ማዕበሉን ማብረድ መጀመሩን፣ ይህ ከተሳካ ስንት ልጅ ሊድን እንደሚችል በእርጋታ ነገሯት። እሷም እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

«ለሌሎቹ ልጆች እግዜር ይድረስላቸው» አለች። «የኔ ሲጥለው ጭንቅላቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። እዚህ ሲጥለው ማን አለው? ልጄ ይረፍልኝ።»

ፈቃዱን የሰጠችው እሷ ናት፣ መልሳ መውሰድም ትችላለች፤ ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ረዳቷ ሴሎቹን የሚገድል በረኪና አመጣች። እናትየዋ ውጪ ጠብቂ ብትባልም እምቢ አለች። በረኪናው ሲነካው ሮዝ የነበረው ፈሳሽ ነጣ። ስክሪኑ ላይ ብልጭታው ተበታተነ፣ ከዚያ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ብቻ ሆነ፣ ከዚያ የለም። ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀሩትንም አንድ በአንድ አውጥታ በረኪናው ውስጥ ጨመረቻቸው።

«ይበሉ ነበር?» አለች እናትየዋ።

«በደንብ ይበሉ ነበር።»

«እሱ ምግብ አይወድም ነበር። ለምኜ ነው የማጎርሰው።» ጋውኑን አውልቃ እንደ ልብስ ሰፊ አስተካክላ አጠፈችውና፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሄደች።

የመድኃኒቱ ሙከራ ቆመ። ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሌላ ልጅ እስኪገኝ ይጠበቃል፤ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያ ብልጭታ የጤና ነው ብትያት ምን ነበረበት ያሏት ባልደረቦች ነበሩ። እሷም ራሷን ትጠይቃለች። ለሰው የማይነገር ሐዘን ያዛት። ምንሽ ሞተ ብትባል ምን ትላለች?

አንድ ቀን እግሯ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ወሰዳት። እናትየዋ ለምን መጣሽ አላለቻትም። ከመቀመጫው ላይ ጨርቅ አንስታ ቦታ ሰጠቻትና ከመሳቢያ ፎቶ አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ረዳቷ የልጁን ፊት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ጆሮው ትልልቅ ነው፤ የፊት ጥርሱ ወልቋል፤ ከፎቶው ውጪ የሆነ ሰው አስቆት እየተንከተከተ ነው። ዓይኑንም ግንባሩንም ብዙ ጊዜ አየችው። ከሴሎቹ ከምታውቀው አንድም ነገር አላገኘችበትም።