ሞት የሌለበት ጥሩንባ

ያዕቆብ በዚያ ሳምንት ቁጭ ብሎ ምሳ የበላበት ቀን አልነበረም። ዊንጌት፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት በላይ ከባልደረባው ጋር በተከራያት ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ከኮምፒውተሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል። ተራራው ላይ ደመና ሲከብድ የዝናቡን ትንበያ ደጋግሞ ይከፍታል። ክረምት ገብቷል። ከተራራው ሥር ያለው ግድብ ሞልቶ በሩ የተከፈተ ዕለት፣ ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው ወንዝ ዳር ያለውን ሰፈር ነው። እዚያ ሰፈር ውስጥ ደግሞ እናቱ አለች።

"አውጣት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!" ትለዋለች አብራው የምትሠራው ቦንቱ።

"'ዕድሬን ጥዬ የት ልሂድ? ስሞት ማን ሊቀብረኝ?' ነው መልሷ።"

እናቱ ካልወጣች ማስጠንቀቂያው ወደ እሷ ይሂድ ብሎ ነው የስልክ አፕ መሥራት የጀመረው። የግድቡ በር ሊከፈት ሲል የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ይጮሃል፤ ጽሑፉም ከፍ ብሎ ወዳለው የትምህርት ቤት ሜዳ ውጡ ይላል። ያልተገኘለት ድምፁ ብቻ ነበር። ሳይረን ሲሞክሩ ሰው "አምቡላንስ ነው" ብሎ ቀና እንኳ አላለም። ደወል ሲያደርጉት ጥሪ መስሏቸው ዘጉት። አንድ ቀን ግን እናቱ ዘንድ አድሮ፣ የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ገና ሳይነጋ በበሩ ሲያልፍ ሰማ። ሰፈሩ በሙሉ ተነሣ። ያዕቆብም ስልኩን አውጥቶ ቀዳው።

ቦንቱ ስትሰማው በሳቅ ወደቀች። "ይኼማ ሬሳም ያስነሣል!"

ለዕድርተኛው "በዚህ ሳምንት ስልካችሁ ሲጮህ ወደ ሜዳው ውጡ" ብለው ነገሩ። ቀኑንና ድምፁን ግን አልተናገሩም፤ ጎርፍ ቀጠሮ አይሰጥምና።

ቅዳሜ ጠዋት ያዕቆብ፣ ሙከራውን አይታ አፑን ከምታጸድቀው የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት ባለሙያ ከርሆቦት ጋር ሜዳው ላይ ቆሞ ቁልፉን ነካ። ከየቤቱ ጥሩንባ ተነሣ። በሮች ተበረገዱ፤ ሰው እንደ ንብ ወጣ።

"ኧረ ሠራ!" አለች ርሆቦት።

ያን ጊዜ ሕዝቡ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ጎረምሶች ከዕድሩ ዕቃ ቤት የድንኳን ቋሚ በትከሻቸው እያወጡ ቁልቁል ሮጡ።

"ወዴት ነው የሚሄዱት?"

ያዕቆብ ተከትሏቸው ቁልቁል ሮጠ።

ሰዉን ያገኘው ወንዙ አፋፍ ላይ፣ ጋሽ ጉልላት ደጅ ነው። ጋሽ ጉልላት ከታመሙ ሰንብተዋል፤ ጥሩንባው ሲሰማ ማንም "ማን ሞተ?" ብሎ አልጠየቀም። እናቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ "ወይኔ ጎረቤቴ!" ትላለች። በሩ ተከፈተና ጋሽ ጉልላት ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በከዘራ ተደግፈው ብቅ አሉ።

"ማን ሞቶ ነው?"

ለቅሶው ቀጥ አለ።

"እርስዎ!" አለ አንዱ ድንኳን ተሸካሚ፣ አፉ ቀድሞት።

"እኔ? ሳልሰማ!" ዙሪያውን ቃኙ። "እስቲ ማን ማን መጥቷል? ደበላ፣ አንተ እንባ እንኳ የለህም!"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደበላ ግን አልሳቁም።

"ያዕቆብ፣ ያንተ ሥራ ነው?"

"አዎ ጋሼ... እ... ማለቴ፣ ጽሑፉ እኮ ወደ ሜዳው ውጡ ይላል።"

"ጥሩንባ ሰምቼ ጽሑፍ ላነብ?" አለች እናቱ። "ነጠላዬን ነው የፈለግሁት።"

"ስማኝ ልጄ፣" አሉ ጋሽ ደበላ፣ "ጥሩንባ ዋሽቶ አያውቅም። ዛሬ ያለ ሞት ከጮኸ፣ ነገ ሰው ሲሞት 'የስልክ ነው' ብለን እንተኛለን።"

ርሆቦት ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ደረሰችና ወደ ጎን ሳበችው። "ሰው ወዲያው ወጥቷል። 'ነዋሪው ፈጥኖ ምላሽ ሰጥቷል' ብዬ ላሳልፈው። አቅጣጫውን በኋላ ታስተምራለህ። ካላለፈ ግን ክረምቱን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ነው የሚያሳልፉት፤ እናትህም ጭምር።"

ክፋት አልነበረባትም፤ ያዕቆብም ያውቃል። ግን ሰዉ የቆመበትን ቦታ አየ።

"በሩ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ይኼ ሁሉ ሰው ውሃ ውስጥ ነበር። የሰበሰብኩትም እኔ ነኝ። አልሠራም ብለሽ ጻፊ።"

ርሆቦት በረጅሙ ተነፈሰች። "ሪፖርቱን እስከ ሰኞ አቆየዋለሁ። ከዚያ በኋላ እኔም አልችልም።"

ወደ እናቱ ዞረ። "እማዬ፣ ውሃ ቢመጣ ሜዳው ላይ ትወጫለሽ?"

"ጉልላትን ለማን ትቼ?"

"ብቻሽንስ?"

"ብቻዬን ወጥቼ ምን ልሠራ? ሰፈሩ በውሃ ሲሄድ ቆሜ ላይ?"

ያዕቆብ መሬት ላይ የተጋደሙትን ቋሚዎች ተመለከተ። ለሳይረን ቀና ያላለ ሰፈር፣ ለሰው ብሎ ድንኳን ተሸክሞ ሮጧል። እሱ ደግሞ ስንት ወር ሙሉ ለእያንዳንዱ "ራስህን አድን" ሲል ነው የከረመው።

እዚያው ጋሽ ጉልላት ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ጥሩንባውን አጠፋ። በምትኩ ጋሽ ደበላ በገዛ ድምፃቸው "ውሃ መጣ!" እንዲሉ ቀዳቸው፤ መጀመሪያ ሳል አስቸገራቸው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ስልክ ባለቤቱ ጠርቶ ይዞት የሚወጣውን የአንድ ጎረቤት ስም መስጠት ጀመረ። ለድንኳን ተሸካሚዎቹ የጋሽ ጉልላት ስም ደረሳቸው።

"እሷን እኔ አልጠራም፤ ተኳርፈናል!" አለች አንዷ።

"ውሃው ያስታርቃችኋል፣" አሏት ጋሽ ደበላ።

"ለእኔስ ማንን ሰጠኸኝ?" አሉ ጋሽ ጉልላት።

"ጋሼ፣ እርስዎማ ታመዋል። እርስዎን ነው የሚያወጡት።"

"አፌ አልታመመም። በሰው ደጅ ሲያሳልፉኝ እጣራለሁ። ስም ስጠኝ።"

ያዕቆብ ትንሽ አመነታና "ሙሉእመቤት" እያለ የእናቱን ስም ጻፈ።

"እኔን?" አለች እናቱ። "ይኼ በሰው ትከሻ የሚሄድ?"

"ልትቀሪ ነው እንዴ?" አሏት ጋሽ ጉልላት።

እናቱ ነጠላዋን አቃንታ ለበሰች። "ሰው ደጄ ላይ ሆኖ እየጠራኝ እንዴት ብዬ እቀራለሁ?"

ያዕቆብ ቀና ሳይል ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ወንዙ ከአጥሩ ማዶ ይጮሃል፤ ስም የሚጠብቀው ሰውም ገና ብዙ ነበር።