ጋቢ የያዘው ወንበር

ጤናዬ ጋቢውን አጣጥፋ በአውቶቡሱ መስኮት ወረወረችው። ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ሲያርፍ አየችና “እሰይ! ተያዘ” አለች። አጠገቧ የቆመ አንድ ነጋዴ ዞር ብሎ አያት። ዛሬ ከእሷ በቀር የሚወረውር ሰው እንደሌለ ልብ አላለችም። ልቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ደባርቅ ላይ ሰው በአውቶቡስ ጎንደር መውረድ ከጀመረ ወዲህ ሕጉ ይኸው ነበር። በሩ ሳይከፈት ጋቢህን፣ ባርኔጣህን፣ ሌላው ቢቀር ዱላህን በመስኮት ትጥላለህ፤ ዕቃህ ያረፈበት ወንበር ያንተ ነው። ጉልበት ያለው በበር ይጋፋል፣ ብልጥ በመስኮት ይወረውራል፣ ሁለቱም የሌለው ጆንያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ቄስ ሲገባ ይነሡለታል፣ እርጉዝ ስትገባ ይነሡላታል፣ የቀረው ተጠጋግቶና ተሰዳድቦ ዳባት ሳይደርስ ዘመድ መቁጠር ይጀምራል። ስድቡም ግፊያውም ነበረ፤ ሜዳ ላይ የሚቀር ሰው ግን አልነበረም።

ጤናዬ ወንበሩን የያዘችው ለራሷ አይደለም። የራሷን ትኬት ጎሕ ሲቀድ ተሰልፋ ቆርጣ በመቀነቷ ቋጥራዋለች። ወንበሩን የያዘችው ለያርጋል ነው፤ ስሙን ስታነሣው አፏን ይመርራታል። ያርጋል የአምባራስ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። በሠርጓ ቀን ለሟቹ ባሏ ሚዜ ሆኖ “ከእንግዲህ ወንድምሽ ነኝ” ብሎ የማለላት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ወንድም ለጠላትም አይስጥ! የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ሲመጣ የገዛ እኅቱን ልጅ ከከብት ጋር ወደ ቆላ ሰደደና የእሷን አንድዬ ማዕረግን ከገበያ አስያዘው። ማዕረግ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ቁመቱ ከዕድሜው ቀድሞ ተመዘዘ እንጂ ልጅ ነው። ያርጋል “ዐሥራ ስምንት ሞልቶታል” ብሎ አስረከበውና ልጁ ተጭኖ ጎንደር ወረደ።

ሽማግሌ ገባ፣ ተለመነ፣ አልሆነም። ካህናቱ “እንገዝትሃለን” ሲሉት ነው የተረታው። “እሺ፣ ጎንደር ወርጄ ‘ተሳስቻለሁ፣ ልጁ አልደረሰም’ እላለሁ” አለ። ያስረከበው እሱ ነውና የሚያስመልሰውም የእሱ ቃል ብቻ ነው። እናት ሄዳ ብታለቅስ ‘እናት ሁሉ ያለቅሳል’ ብለው ከበር እንደሚመልሷት ከእሷ በፊት የሄዱት ነግረዋታል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከተራራው ሲወርዱ ሁለቱ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ደባርቅ ሲደርሱ ደግሞ ክፉ ወሬ ጠበቃቸው፤ ልጆቹ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ማሠልጠኛ ይጫናሉ ተባለ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወደ ጎንደር የሚሄደውም ይኸው አንድ አውቶቡስ ብቻ ነው፤ የጭነት መኪናው ሁሉ ለጦሩ ተወስዷል።

“ይኸ ጋቢ የማን ነው?”

ረዳቱ አሻግሬ ነው፤ ጋቢውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ከበሩ ላይ ቆሟል።

“የኔ ነው ወንድም ዓለም፤ ቦታ ይዤበት ነው” አለች ጤናዬ።

“ምን ያዝሽበት? ዛሬ እኮ ቁጥር ነው!”

“የምን ቁጥር?”

“ትኬትሽን እስቲ።” ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው። “ይኸውልሽ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ቁጥር ወንበሩም ላይ ተጽፏል። ያንቺ እዚያ ከእማሆይ አጠገብ ነው። ጋቢሽ የተቀመጠበት የሌላ ሰው ነው። ከዚህ ሳምንት ወዲህ ወንበር በጋቢ መያዝ ቀርቷል፤ አንድ ሰው አንድ ወንበር።”

“እንግዲያው ለአንድ ሰው ሌላ ትኬት ስጠኝ።”

“አልቋል እናቴ። ድሮ አልቋል።”

ጤናዬ ክው አለች። ጠዋት ትኬት ቆራጩ “ሁለተኛው ሰው ራሱ የይለፍ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ” ሲላት ወዳደሩበት ወደ ገበያነሽ ማደሪያ ቤት ሮጣ ያርጋልን ጠርታው ነበር። እሱ ጥብስ አስቀርቦ ተቀምጧል። “አንቺ ደግሞ ምን ያሯሩጥሻል? ጋቢሽን ጣይና ቦታ ያዥልኝ። ሊቀመንበርን ከአውቶቡስ ማን ያወርደዋል?” አላት። እሷም እንደ ዱሮው መስሏት አመነችው።

ያርጋል ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ መጣ።

“ያዝሽልኝ?”

“ምን እይዝልሃለሁ! ወንበር በቁጥር ሆኗል፤ ትኬት የለህም አሉ።”

ሳቀባት። ካፖርቱን አስተካክሎ ወደ በሩ ተጠጋና “ጓድ፣ እኔ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ፤ የምሄደውም ለመንግሥት ጉዳይ ነው” አለ።

“ይቅርታ ጓድ” አለ አሻግሬ። “ከቁጥር በላይ አንድ ሰው ብጭን ዳባት ኬላ ላይ እርስዎን ያወርዱዎታል፣ እኔን ያስሩኛል። ባለፈው ባልደረባዬን ከነሾፌሩ አሳድረውታል።”

“እቆማለሁ!”

“መቆምም ቀርቷል።”

ከተሳፋሪው መካከል አንዱ “ወይ ጊዜ! ሊቀመንበር ሆኖ መንበር አጣ” ብሎ ሰዉን አሳቀው። ያርጋል ደነፋ፣ ስም ጠራ፣ ወረዳ አመለክታለሁ አለ። ጤናዬ ግን ታውቀዋለች፤ ቁጣው ከአፉ አልዘለቀም። ወዲያው ድምፁ ለሰለሰ።

“እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እግዜር ያላለው አይሆንም። ነገ እንሄዳለን።”

“ነገ ሄደህ ማንን ልታስመልስ?”

“እኔ ምን ላድርግ ጤናዬ? ቃሌን ጠብቄ እዚህ ድረስ መጥቻለሁ። ወንበር ጠፋ።”

ፊቱን አየችው። ሸክሙን ሌላ ያራገፈለት ሰው ፊት ነው። ጎንደር ላይ ባለሥልጣን ፊት ቆሞ “ዋሽቼ ነበር” ከማለት ይህ ቁጥር የሚሉት ነገር ገላገለው። ለካህናቱም “ሄጄ ነበር፣ መኪና አጣሁ” ይላቸዋል። ጤናዬ ከፊቱ ቆመች።

“እንግዲያው ጻፈው! ‘ልጁ አልደረሰም’ ብለህ ጻፍና እኔ ልያዘው።”

“ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ያየዋል? ማኅተሙ ደግሞ ቤቴ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።”

“አውቀህ ነው የተውኸው።”

“እመቤቴን!” አለ፤ ዐይኑ ግን መሬት መሬት ያያል።

ትታው ወደ ውስጥ ገባች። ሰው ሁሉ በየቁጥሩ ተቀምጧል፣ ግፊያ የለም፣ ጫጫታ የለም፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ በአውቶቡስ ውስጥ ሰምታ አታውቅም። “ወገኖቼ፣ በእመብርሃን፣ አንድ ወንበር የሚለቅልኝ! ልጄ ዛሬ ይጫናል” አለች። አንዷ ሴት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋለች፤ እሷን ዘለለቻት። ክንዱን የታሰረ ወታደር አለ፤ እሱንም አፈረችው። ነጋዴው “እኔም ተሰልፌ ነው የቆረጥሁት እናቴ” አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ከሾፌሩ ጀርባ፣ ጋቢዋ አርፎበት ከነበረው ወንበር ላይ፣ አንድ ወጣት አስተማሪ ተቀምጧል።

“እትዬ፣ አይዘኑብኝ፤ ለስብሰባ ተጠርቼ ነው፣ ብቀር ይመጡብኛል” አላት። “ቁጥሩ ግን ጥሩ ነው። ዱሮ እኮ ጉልበተኛና ባለሥልጣን ነበር የሚሄድ። አሁን ሊቀመንበርም ሆነ ገበሬ እኩል ሆነ።”

“ይሁን ልጄ። ዱሮ ግን እንዲህ ብለምን ሁለቱ ተጠጋግተው ሦስተኛ ያስቀምጡልኝ ነበር።”

አስተማሪው አቀረቀረ። ሐሰት አልተናገረም፤ እሷም ሐሰት አልተናገረችም። ለዓመታት በየአውቶቡሱ እየገፋ ሲቀመጥ የኖረውን ያርጋልን ቁጥሩ ሜዳ ላይ አስቀርቶታል፤ በሌላ ቀን ቢሆን እልል ትል ነበር። ምነው ፍርዱ ዛሬን ባይመርጥ!

ወደ ገዛ ወንበሯ ሄደች። በመስኮቱ በኩል እማሆይ ዓለምዬ የተባሉ መነኵሲት መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ቅል አብጧል።

“ሁሉንም ሰማሁ፣ ልጄ” አሏት። “እንዳልነሣልሽ ሐኪም ቤት ቀጥሮኛል። ዛሬ ካልሄድሁ እግሬን ይቆርጡታል።”

“ኧረ እርስዎንስ አልለምንም።”

“አንቺ ጎንደር ስትደርሺ ምን ታደርጊያለሽ?”

“አየዋለኋ! ዘበኛውን ለምኜ… ባይሆንም በአጥሩ በኩል እጠራዋለሁ። ጋቢውን አቀብለዋለሁ። ፈትዬ ያሠራሁለት ነው፤ ሲይዙት በሸሚዝ ነበር።”

“ከዚያስ?”

ከዚያ ምንም የለም። ከዚያ እሱ መኪና ላይ ይወጣል፣ እሷም አቧራውን እያየች ትቆማለች። ቢሆንም ታየዋለች! ከተያዘ ጀምሮ እንቅልፍ የነሣት ይኸው ነው፤ ፊቱን አንድ ጊዜ አይታ፣ ግንባሩን ስማ… ለዚህ ነው ገደሉን የወረደችው። ይህን ወንበር ለቅቃ ልጇ ቢጫንባትስ? ዐይኑን እንኳ ሳታየው ቢቀርባትስ? ለማን? ለያርጋል? ለዚያ ለከዳተኛ? ዳባት ላይ የጠጅ ቤት ወዳጅ እንዳለው ደግሞ አገር ያውቃል፤ እዚያ ወርዶ ቢቀርስ?

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ወንበሩ ከሥሯ ተንቀጠቀጠ። አሻግሬ “በር ልዘጋ ነው!” ብሎ ጮኸ።

ጤናዬ ብድግ አለች። ከበሩ ላይ ቆማ “ያርጋል! ና ግባ!” አለችው።

ያርጋል ወደ ገበያነሽ ቤት መንገድ ጀምሮ ነበር። ደንግጦ ዞረ። “ወንበር ተገኘ?”

“ተገኘ። የኔ።”

“አንቺስ?”

“እኔ እናት ነኝ፤ የኔን ለቅሶ እዚያ በር ላይ የሚሰማው የለም። ልጄን በቃልህ ወሰድኸው፣ በቃልህ ትመልሰዋለህ።”

“ኧረ ተይ፣ ሴት ሜዳ ላይ ትቼ እኔ ልቀመጥ? ነውር አይደለም እንዴ?”

“ነውርንማ አሁን አወቅኸው!” አለች፤ ድምፅዋ አስተጋባ። “ትገባለህ ወይስ ሰው እየሰማ የካህናቱን ግዝት ላውራው?”

ሰው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ያየዋል። ያርጋል አሻግሬን አየው። አሻግሬ “የይለፍ ወረቀት ካለዎት ይግቡ፤ ቁጥሩ ከሞላ ለኔ ማንም ይሁን ማን አንድ ነው” አለው። መውጫ አጣና ገባ።

በመተላለፊያው በኩል ሊቀመጥ ሲል ጤናዬ ክንዱን ያዘችው። “እዚያ አይደለም። እማሆይ፣ እግርዎን እንዲዘረጉ ወደዚህ ይምጡ፤ እሱ በመስኮቱ በኩል ይግባ።”

“ቁጥሩ ይዛባል…” ብሎ ጀመረ አሻግሬ። ጤናዬ ዞራ አየችው፤ ፊሽካውን ነፍቶ ወደ ሌላ ዞረ።

እማሆይ ነገሩ ገብቷቸዋል። ያርጋል ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ የታመመ እግራቸውን ከፊቱ ዘርግተው መቋሚያቸውን በጭኖቻቸው ላይ አጋደሙት።

“ዳባት ላይ ውኃ ሽንት ቢመጣበትስ?” አለ ነጋዴው።

“ጎንደር ይሸናል” አሉ እማሆይ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ያርጋል አልሳቀም።

ጤናዬ ወረደች። አሻግሬ ጋቢዋን በበሩ በኩል አቀበላትና በሩን ዘጋው። በመስኮቱ ሥር ቆመች። ያርጋል ከላይ አያት። ዐይኗን ሳይሸሽ ያያት ማዕረግ ከተያዘ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እጁን ዘረጋላት።

“ጋቢውን አቀብይኝ። ለማዕረግ አደርስለታለሁ።”

ጤናዬ ጋቢውን ወደ ላይ አነሣችው። ልጇ ጉም በሚውልበት በማታውቀው ማሠልጠኛ ሜዳ በሸሚዝ ሲንቀጠቀጥ ታያት። የያርጋል ጣቶች የጋቢውን ጠርዝ ነክተውታል። ቢጫንስ? ካሁን በኋላ ልብስ የምታደርስበት ባታገኝስ? ልቧ “ስጪው” አላት። አውቶቡሱ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እሷም አብራው ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደች።

ከዚያ ጋቢውን መልሳ ወደ ደረቷ ሳበችው።

“አልሰጥህም” አለችው። “ቤቱ መጥቶ ይለብሰዋል።”