ያልታሰበ ረግረግ

የባቡር ሐዲዱ ግንባታ ዋጋ ለሦስተኛ ጊዜ ሊጨምር ነው። ጥፋተኛው እንደተለመደው መሬቱ ነው። «በሰባተኛው ጉድጓድ ዙሪያ ያልታሰበ ረግረግ» ይላል ሪፖርቱ። የቀረው የቆፋሪው ፊርማ ብቻ ነበር።

ቆፋሪው ከአራት ዓመት በፊት መስመሩን ተከትሎ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ ናሙና ያወጣ ሰው ነው። ሰባተኛው ላይ ሁለት የመቆፈሪያ ጥርስ ተሰብሮበታል። ረግረግ ብረት ሲሰብር አይቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ እዚህች ጋ ብቻ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ እስክሪብቶ ከፍቶ እያቀበለው።

«መጀመሪያ ናሙናውን ልየው።»

«የናሙናው ክፍል እኮ ዓምና ቢሮ ሆኗል። የተጣለ ድንጋይ ከየት ላምጣ?»

«እንግዲያው አልፈርምም።»

«ለጡረታ ሰባት ወር ነው የቀረዎት። ካልፈረሙ እዚህ አይጨርሱትም። እስከ ነገ ያስቡበት።»

ቤቱ ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩን ደግፎ የያዘው ክንድ የሚያህል ድቡልቡል ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የናሙናው ክፍል ሲጸዳ ከቆሻሻው መሀል ያነሳው። ሲቆፍረው ያን ያህል ስላሠቃየው ነበር የመረጠው። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «ጉድጓድ 7፣ 14 ሜትር» ይላል። ጎንበስ ብሎ አነሳው። በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

«ድንጋዬን ወዴት?» አለች ሚስቱ።

«ነገ ቢሮ ይሄዳል።»

«በሩንስ ማን ይያዝ?»

«አንቺ።»

«ሃያ ስምንት ዓመት አንተን የያዝኩት አይበቃም?»

የሆነውን ነገራት። ድንጋዩን ተቀብላ በሽርጧ ወለወለችው። «ቁጥሩ በደንብ ይታይ» አለች።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ድንጋዩን ሪፖርቱ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ከበጀት ቢሮ የመጣችው መርማሪ።

«ያልታሰበው ረግረግ ነው። ጣትዎን ያስገቡበት።»

የሳቀ የለም። መርማሪዋ እውነትም በጣቷ ጫን አደረገችው። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን ጻፈች።

«አንድ ድንጋይ ምንም አያረጋግጥም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ልክ ነዎት። ሌላውን አስጥለውታል። መሬቱን ግን ማንም አልጣለውም፤ መቆፈሪያውም ግቢ ውስጥ ቆሟል።»

«ነገ ጠዋት ይቆፈር፤ እኔም እመጣለሁ» አለች መርማሪዋ። ድንጋዩን ከራሷ ወረቀቶች ጋር አደረገችው።

ቆፋሪው ማታ ሲገባ በሩን የያዘው የገዛ ራሱ የቁፋሮ ቦት ነበር።

«ቦቴን ስጪኝ፤ ነገ ሥራ አለኝ።»

ሚስቱ ቦቱን አቀበለችውና በሩን በእግሯ ደግፋ ቆመች።