የዲያቆን ቀለም

በጭፍራችን ውስጥ ከእኔ የባሰ ተኳሽ አልነበረም። ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ ምሽጉ ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የዒላማ ልምምድ ቀን ተራዬ ሲደርስ ኢሻም ፕሩይት ሄዶ ዒላማው ሥር ይቀመጥና «ዛዶክ ሲተኩስ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለም» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ሥራዬ መተኮስ ስላልነበረ ብዙም አልከፋኝም። እኔ የጭፍራው ፈረስ ጫማ መቺ ነበርኩ፤ ጫማ እመታለሁ፣ የታመመውን አክማለሁ፣ የማይድነውን እገላግላለሁ።

ስለ ፈረሰኛ ወታደር ብዙ ይወራል። ለሰው የሚመስለው ቀኑን ሙሉ ጎራዴ መዝዘን የምንጋልብ ነው። እኛ ግን ጎህ ሲቀድ መለከት ይነፋል፣ እየተራገምን ወደ ጋጣ እንወርዳለን፣ ፈረስ እንቦርሻለን፣ ፋንድያ እንጠርጋለን፣ ውሃ እናጠጣለን፤ ከዚያ በኋላ ነው ባቄላና የጨው ሥጋ የሚደርሰን። ቀን የጭቃ ጡብ እንሠራለን፣ እንጨት እንፈልጣለን። አመሻሽ ላይ መለከቱ እንደገና ወደ ጋጣ ይጠራናል። በአምስት ዓመት ውስጥ ውጊያ ያየሁት ሁለት ቀን ነው፤ ፋንድያ ግን በየቀኑ አይቻለሁ።

ኢሻም ብቻ ወደ ጋጣ ሲወርድ አይራገምም ነበር። ሁላችንም በባርነት የተወለድን ጥቁሮች ነን፤ እሱ ግን እናቱ ስትሸጥ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የእኔ የሚለው ነገር አግኝቶ አያውቅም። ፈረሱ ዳማ፣ ቀይ ቡናማ ነው፤ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው የሚወርድ ነጭ መስመር አለው። አጃው ሲቀርብለት ሳይቀምስ ትንሽ አንገቱን ደፍቶ ስለሚቆም ኢሻም «ዲያቆን» አለው፣ ስሙም ጸደቀለት። ከሁለት ዓመት በፊት ውሃ በሌለበት በረሃ ስንጓዝ ኢሻም በንዳድ ተመትቶ ከኮርቻው ወደቀ። ሰልፉ ሳያየው አለፈ። ስንመለስ ዲያቆን ከኢሻም ራስጌ ቆሞ በጥላው ከልሎት አገኘነው። ቀኑን ሙሉ፣ ራሱ ውሃ ጠምቶት፣ አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሰም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ ያ ፈረስ ግን ከፀሐይ ጋር ተዋግቷል።

እንግዲህ በመስከረም ትእዛዝ መጣ። ሃምሳ አለቃ ክሪተንደን አሰልፎን አነበበው።

«ከእንግዲህ እያንዳንዱ ጭፍራ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ፈረስ ብቻ ይኖረዋል። ለእኛ ጉራች ደርሶናል። ሌላው ፈረስ ሁሉ ቅዳሜ ወደ ላይኛው ምሽግ ይሄዳል።»

«ለምን ይሆን ሃምሳ አለቃ?» አለ አንዱ።

«ከሩቅ፣ በአቧራ ውስጥ፣ ማን የማን እንደሆነ ለመለየት። ፈረሱ ጥቁር ከሆነ የእኛ ነው። ካልሆነ የእኛ አይደለም። አንተ እንኳ የሚገባህ ትእዛዝ ነው።»

ሰልፉ ሲበተን ኢሻም ሃምሳ አለቃውን ተከትሎ ሄደ። እኔ የጋጣውን በር እያቃናሁ ስለነበር ሰማኋቸው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ዲያቆንን ይተዉልኝ።»

«ፈረሱ የመንግሥት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንተም የመንግሥት ነህ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ሁለታችንም የእሱ ከሆንን አብረን ብንቀር መንግሥት ምን ይጎድልበታል?»

ሃምሳ አለቃው ሊስቅ ፈልጎ ተወውና ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ኢሻም ወደ መቀጥቀጫዬ መጣ። አላሾፈም፣ ያ ነው ያስፈራኝ።

«ዛዶክ፣ ፈረሱን አጥቁርልኝ።»

«ምን?»

«ጉራች አድርገው። ከሚመጡት ጉራቾች አንዱ በሆድ ቁርጠት መንገድ ላይ ሞቷል አሉ፣ አንድ ጎድሏል፤ በእሱ ቦታ ዲያቆን ይገባል። ቁጥር የምታትመው አንተ ነህ።»

«ኢሻም፣ ፈረስ እኮ ነው፤ ቡትስ አይደለም።»

«እናቴን ሲወስዷት ዝም ብዬ ነው ያየሁት» አለኝ። «ልጅ ነበርኩ። አሁን ግን ልጅ አይደለሁም።»

ይህን ከተባልኩ በኋላ እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይምጣ? ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ ኮርቷል። ሰው ሁሉ በተኩሴ ሲስቅብኝ ኖሮ አንድ ሰው በእጄ ሥራ ተማምኖ መጣ። በወንዙ ዳር የዱር ለውዝ ዛፍ አለ፤ የፍሬው አረንጓዴ ልጣጭ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል። ልጣጩን ከዛገ ብረት ጋር ቀቅዬ ዲያቆንን ቀባሁት። ዳማነቱን ጥቂት አጠለሸው እንጂ አላጠቆረውም። ስለዚህ ከላዩ የምድጃ ጥላሸት በሞራ ለውሼ ደረብኩበት፤ ያን ጊዜ እንደ ቁራ ጠቆረ። ለግንባሩ ነጭ መስመር የተለየ ጥንቃቄ አደረግኩ፤ ልጣጩን ብቻ ሦስት ጊዜ መላልሼ ቀባሁት። ሲደርቅ በሳሙና ፈተግኩት፣ በአመድ ፈተግኩት፤ ነጩ አልተመለሰም፣ ቡናማ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ ጥላሸቱን በላዩ ደረብኩ።

«ይሄ እስከ ዕለተ ምጽአት አይለቅም» አልኩት።

ከኮቴው ላይ የድሮውን ቁጥር ሞርጄ በጋለ ብረት የጎደለውን ጉራች ቁጥር፣ አርባ አንድን፣ አተምኩ። ጨርሰን ስናበቃ ኢሻም እጄን አየና ሳቀ። የእጃችን መዳፍ እንደ ሌላው ገላችን ጥቁር አይደለም፤ የእኔ ግን ቀለሙ ጠጥቶት ጥቁር ሆኗል። እኔም ፈተግኩት፤ እሱም አልለቀቀም።

ቅዳሜ ሻምበል ሎውሪ ፈረሶቹን ሊያይ መጣ። ሻምበል ሎውሪ በመዝገብ የሚያምን ነጭ መኮንን ነበር፤ ፈረስ ሞተ ሲሉት እንኳ ቁጥር ያለበትን ኮቴ ቆርጠን ካላሳየነው አይሰርዝም። በሰልፉ ፊት እየተራመደ «ጉራች፣ ጉራች፣ ጉራች» እያለ አለፈ። ዲያቆንንም «ጉራች» ብሎ አለፈው። ከኋላው ሃምሳ አለቃ ክሪተንደን መጣ። ዲያቆን ፊት ቆመ። አውራ ጣቱን አንገቱ ላይ አሸት አደረገና ጣቱን አየው። ሃምሳ አለቃው ጣቱን በሱሪው ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

«ዛዶክ፣ እጅህን ጨብጠህ ቁም» አለኝ ቀስ ብሎ። እሱም አለፈ።

ከዚያ በየቅዳሜው ጥላሸትና ሞራ እንደርብበት ነበር። ኢሻም እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የማያውቀው ሻምበሉ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ፔኮስ ወንዝ ወጣን። እዚያ ሰፍረን ሳለን ሌቦች ስድስት በቅሎ ነዱብን፣ አንድ ጠባቂም አቆሰሉ። ሻምበሉ ተቆጣ፤ ግማሹን ሰው ለፍለጋ ላከ። ለተቀረነው ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ጉራች ያልሆነ ፈረስ ሲመጣ አንድ ጊዜ ጮኸህ አስቁም፣ ካልቆመ ተኩስ። ከታች ወዳለው ሰፈር ደብዳቤ የሚያደርስ ፈጣን ፈረስ ሲፈለግ ደግሞ ዲያቆን ተመረጠ።

«ውሃ ውስጥ እንዳትገባ» አልኩት ኢሻምን ኮርቻውን ሲያጠብቅ። «የፔኮስ ውሃ ቀለም ይበላል፤ ከሳሙና ይብሳል።»

«ድልድይ እያለ ምን ልሠራ እገባለሁ? አንተ ይልቅ ጥበቃ ላይ እንዳያቆሙህ ጸልይ፤ ሌባ እየሳቀ ይገድልሃል።»

ሄደ። በማግስቱ ጥበቃ ላይ አቆሙኝ፤ ሰው አልነበረማ። የፈሩት ይደርሳል።

ሌሊቱን ከላይ በኩል ዘንቦ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊቴ ወጣች። ዓይኔን እያጨናበስኩ ሳለሁ ከሰሜን በኩል፣ ከእኛ ሰው ማንም በማይጠበቅበት አቅጣጫ፣ አንድ ፈረሰኛ ብቅ አለ። ባርኔጣ የለውም፣ ሸሚዝ የለውም። ፈረሱን አየሁት። ዳማ ነው። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን ነበር መሰላችሁ? ዲያቆን ይሆን እንዴ ብዬ ግንባሩን ፈለግኩ። ነጭ መስመር የለውም። እንግዲያው ዲያቆን አይደለም፤ ጉራች ስላልሆነም የእኛ አይደለም።

«ቁም» ብዬ ጮኽኩ።

አልቆመም። ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ እጁ ላይ የያዘው ነገር አለ። ሽጉጥ ነው አልኩ። ላስደነግጠው ብዬ ተኮስኩ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ላስደነግጠው ብዬ ነው። እኔ መትቼ አላውቅማ።

ፈረሱ በፊት ጉልበቶቹ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ሰውየው ተስፈንጥሮ ሄዶ መሬት መታ። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ።

«ዛዶክ» ብሎ ጮኸ። «አንተ ነህ?»

የኢሻም ድምፅ ነው። ሮጥኩ ወይስ ሄድኩ አላስታውስም፤ ብቻ አጠገባቸው ደረስኩ። ጎርፉ ድልድዩን ወስዶታል፤ ኢሻም ወደ ላይ ወጥቶ ልብሱን ኮርቻው ላይ አስሮ በዋና ተሻግሯል። እጁ ላይ ያለው እንዳይርስ ከፍ አድርጎ ይዞት የተሻገረው የደብዳቤ ቦርሳ ነው። ውሃው ጥላሸቱንና ሞራውን አንድ ሳያስቀር አጥቦታል። ግንባሩን ግን አላጠበውም። ሦስት ጊዜ የቀባሁት፣ በአመድ ፈትጌ የኮራሁበት ቡናማ ቀለም ግንባሩ ላይ እንዳለ ነው።

ዲያቆን አልሞተም ነበር። የፊት እግሩ ከትከሻው ተሰብሯል፣ ይተነፍሳል፣ ኢሻምን ያያል።

«ኢሻም…» አልኩ።

«ዛሬ መታህ» አለኝ። አልጮኸም። እሱም እንደ እኔ ነገሩ ገና አልገባውም፤ ፊቱ ባዶ ነበር። ከዚያ ተንበርክኮ በእርጥብ ሸሚዙ የፈረሱን ዓይን ሸፈነለት። «ቶሎ በል፤ ሥራህ ነው። አታሠቃየው።»

ሥራዬ ነው። የማይድነውን የምገላግል እኔ ነኝ። ሁለተኛውንም ተኮስኩ።

በተኩሱ ድምፅ ሻምበሉና ሃምሳ አለቃው መጡ። ሻምበሉ ከጥበቃ ቦታዬ እስከ ፈረሱ ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካ።

«ሦስት መቶ እርምጃ ይሆናል» አለ። «ጥሩ ተኩስ ነው፣ ዛዶክ። የሌባው ፈረስ ነው?»

ኢሻም ደብዳቤውን ሰጠውና «የእኔ ፈረስ ነው ጌታዬ» አለ።

«ኮቴውን አሳዩኝ።»

ኮቴውን የሚቆርጠው ማን ነው? እኔ ነኝ። ቢላዬንና መጋዜን አመጣሁ፣ ኢሻም ፊቱን አዙሮ ቆመ፣ ቆረጥኩት። ሃምሳ አለቃው ተቀብሎ አነበበ።

«አርባ አንድ።»

«አርባ አንድ ጉራች ነው» አለ ሻምበሉ።

«ነበረ ጌታዬ» አለ ሃምሳ አለቃ ክሪተንደን።

ሻምበሉ ፈረሱን አየ፣ ኢሻምን አየ። ከዚያ ዓይኑ እጄ ላይ አረፈ። መጨበጡን ረስቼዋለሁ፤ ኮቴ የቆረጥኩበት መዳፌ ተዘርግቷል፤ ከደሙ ሥር ጥቁር ነው። ያኔ ገባው። ጉራች ብሎ በራሱ አፍ ያሳለፈው ፈረስ ነው።

«ጉራች ሞተ ብለህ ጻፍ» አለው ሃምሳ አለቃውን፣ ወደ ድንኳኑም ተመለሰ።

ለኢሻም ሌላ ፈረስ ሰጡት፣ እውነተኛ ጉራች። ስም አላወጣለትም፤ «አንተ» ነው የሚለው። ወደ ጋጣ ሲወርድ እንደ ሰው ሁሉ ይራገም ጀመር። እኔን ግን አንድ ቀን አልተራገመኝም፤ እንኳን ሊራገመኝ አላነጋገረኝም። የዒላማ ልምምድ ቀን ተራዬ ሲደርስ ማንም ዒላማው ሥር ሄዶ አልተቀመጠም። ሁሉም ከኋላዬ ቆሙ። ተኮስኩ፣ ሳትኩ፣ የሳቀ የለም። እንዲስቁብኝ እንዴት እንደተመኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የገና ዕለት ገበታ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ዳቦ ሳቀብለው መዳፌን አየና ዳቦውን ሳይቀበል ቆየ።

«ለቀቀ» አለኝ። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«ለቀቀ» አልኩ።

«ከእሱ ላይ ግን» አለ፣ «በአንድ ጠዋት ለቀቀ።»

ዳቦውን ተቀበለኝ፣ መብላትም ጀመርን።