ሰሀር ያጸዳችው ቤት

ደላላው የቤት አጽጂዋን ዋጋ ሲነግረው ካሚል የሳምንት መስሎት ነበር።

«የቀን ነው እንጂ!» አለ ደላላው፣ ጫቱን ወደ አንድ ጉንጩ እየገፋ። «ስምንት መቶ ብር፣ ምሳዋን ችለህ። ሴቶቹ ዐረብ አገር ሄደው አልቀው ማን ቀረልህ? ደግሞ ወንድ ብቻውን አርባ ቀን የከረመበት ቤት ነው። ወላሂ፣ አይታው ልትጨምርብህም ትችላለች።»

ካሚል ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። ስምንት መቶ ብር ከየት ይምጣ? ለአዲሷ ልጁ አቂቃ ሊያርደው ከሰንበቴ ገበያ የገዛው በግ ገና ሳይታረድ ኪሱን በልቶ ጨርሶት፣ አሁን ደጃፉ ላይ ታስሮ ይጮኻል። ሚስቱ ዙሀራ ደግሞ ባቲ እናቷ ቤት ወልዳ አርባ ቀኗን ጨርሳለች። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሳሚያን ታቅፋ ነገ ትመጣለች። «ሰው ቀጥረህ ቤቱን አስጸዳ እሺ? ኡሚም አብራኝ ናት» ብላ በስልክ አስጠንቅቃዋለች። ኡሚ የሚባሉት እናቷ ናቸው፤ ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ጥግ ጥጉን የሚያዩ ሴት።

የብሩስ ነገር ይሁን። ካሚልን ይበልጥ የከነከነው ሥራውን እሱ ራሱ ማወቁ ነው። ጅዳ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ በሚኖርበት ከሚሴ ከተማ «የትልቅ ኩባንያ ኃላፊ ነበር» ይባልለታል። ወሬውን ማን እንደ ጀመረው እንጃ፣ እሱ ግን አላስቆመውም። እውነቱን ለመናገር የአንድ ሀብታም ቤት አጽጂ ነበር። እመቤቲቱ በመወልወያ የተጸዳ ወለል አላምንም የምትል ናትና፣ ያን ሁሉ እብነ በረድ ተንበርክኮ በጨርቅ ሲፈትግ ነው ስድስቱ ዓመት ያለቀው። አገራችንም ጉደኛ ናት፤ ሴት ልጇን ለዚሁ ሥራ መርቃ ትሸኛለች፣ ወንድ ሠራው ሲባል ግን አፏን ትይዛለች። ካሚልም ይህን ስለሚያውቅ ዝም አለ።

ዝምታውን ያከበደበት ጉልበቱ ነው። በተጋቡ ሰሞን አንድ ቀን ሽርጡ ገለጥ ሲል ዙሀራ ሁለቱን ጉልበቶቹን አየቻቸው። ቆዳቸው ጠቁሮና ደርቆ እንደ ጫማ ተረከዝ ሆኗል።

«ማሻአላህ!» አለች። «ይሄ ሁሉ ከስግደት፣ ከሱጁድ የመጣ ነው?»

ካሚል እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኗን አየ። እንዲህ በአክብሮት ያየው ሰው በዕድሜው አልነበረምና አፉን መልሶ ዘጋ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዙሀራ አንድ ነገር በጨነቃት ቁጥር ጉልበቱን በእጇ ነካ ታደርግና «በዚህ ጉልበትህ ዱዐ አድርግልኝ» ትለዋለች። ምጥ ሲይዛት እንኳ በስልክ የነገረችው ይህንኑ ነበር። እሱ ሶላቱን እንደ ማንኛውም ሰው ይሰግዳል እንጂ ጉልበት የሚያጠቁር ሌሊት የለውም። እውነቱን ያወቀች ቀን ያ ዓይኗ ይለወጥብኛል ብሎ ይፈራል፤ ከምንም ነገር በላይ ይህን ይፈራል።

ቤት እንደ ደረሰ በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ሽርጡን ሸብ አደረገ። ከጣሪያው ድር ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። መስኮቱን በአቼቶና በአሮጌ ጋዜጣ ወለወለው፤ አልጋውን ገፍቶ ሥሩን ጠረገ። በመጨረሻ ስጋጃውን አነሣና ሊሾው ወለል ላይ ተንበረከከ። አሮጌ ጨርቅ አጥፎ ከጉልበቱ ሥር አድርጎ፣ ከውስጠኛው ጥግ ተነሥቶ ወደ በሩ እያፈገፈገ ፈተገው። ጅዳ ሳለ ይህን ሥራ ሲጠላው ለጉድ ነበር። አሁን ግን ሳሚያ እዚህ ጋ ትድሃለች፣ እዚህ ጋ ደግሞ ይዛ ትቆማለች እያለ ሲፈትግ ሳያስበው ማንጎራጎር ጀመረ። በዚህ ሥራ ደስ ሲለው የመጀመሪያው ነው።

በማግሥቱ እንግዶቹ መጡ። ኡሚ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡና ጣታቸውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሂደው አዩት። ምንም የለበትም።

«ያ ረቢ! ማን ናት እንዲህ ያደረገችው? ኤሳ ጅርቲ? የት አለች?»

«ሰሀር... ሰሀር ትባላለች» አለ ካሚል። አፉ ላይ የመጣለት የጅዳዋ እመቤት ልጅ ስም ነበር።

«ስንት ከፈልክ?»

«ስምንት መቶ።»

«ርካሽ ነው ልጄ! ለዚህማ ሺም አይበዛም።»

ካሚል በሆዱ ትንሽ ኮራ። ዙሀራ ግን ልጇን እንደ ታቀፈች ዙሪያዋን ስታይ ቆይታ ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«ምሳ በልታለች?»

«ቸኩላ ሄደች።»

«እንዴ፣ አባ ሳሚያ! ይህን ሁሉ ሠርታ ጦሟን ሰደድካት?»

በጉ የታረደ ለት ለማንም ሳይቀርብ መጀመሪያ ለሰሀር ተነሣላት። ዙሀራ ከመልካም መልካሙ መርጣ ምሳ ዕቃው ውስጥ አደረገችና «ሳይቀዘቅዝ አድርስላት» አለችው። ካሚል ምን ያድርግ? ባጃጁን ነድቶ ቦርከና ወንዝ ዳር ወረደና ለብቻው ቁጭ ብሎ በላው። ሥጋው ይጣፍጣል። ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዞ ሲመለስ «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ብላሻለች» አላት፤ ዙሀራም በጣም ደስ አላት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ኡሚ ወደ ባቲ ከተመለሱ በኋላ ግን ምሳ ዕቃው ሁለቴ ሦስቴ ወጣ። ውሸቱ እንደ ልጅ ቀለብ ይጠይቅ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ዙሀራ እናቷ የሰጧትን አዲስ ሻርፕ አጣጥፋ አመጣችለት።

«ይህን ስጥልኝ። አልጋው ሥር ድረስ ገብታ ጥግ ጥጉን በእጇ ነው የፈተገችው፣ አይቼዋለሁ። ይሄኔ ጉልበቷ አልቋል የኔ እናት።»

ካሚል ሻርፑን ተቀብሎ ወጣና ባጃጁ ወንበር ሥር ደበቀው። ቀኑን ሙሉ ያ ሻርፕ ድንጋይ የሆነ ይመስል ወንበሩ ቆረቆረው።

እንዲህ ሰነበተና፣ አንድ ቀን ለምሳ ገብቶ እጁን ሲታጠብ ሳሚያ የጠባችውን ወተት ትፍት አድርጋ ወለሉ ላይ አፈሰሰችው። ዙሀራ የልጇን አፍ ስትጠርግ ካሚል ምንም ሳያስብ ጨርቅ አነሣ። አንዱን አጥፎ ከጉልበቱ ሥር አደረገ፤ በሌላው ከውጭ ወደ ውስጥ እየሰበሰበ፣ ወደ ኋላው እያፈገፈገ ወለሉን አደረቀው። እጁ ከዓመታት ልማዱ ፍጥነት አልቀነሰም። ቀና ሲል ዙሀራ ልጇን ይዛ እያየችው ነው።

«ሰሀር መጣች እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

ካሚል እንደ ተንበረከከ ቀረ። መሸሻ አልነበረውም፤ መዋሸትም ሰልችቶታል።

«ኃላፊ አልነበርኩም ዙሀራ። የሰው ቤት ነው ስፈትግ የኖርኩት» አለ። «ጉልበቴም የሶላት አይደለም። እንደ ሰው እሰግዳለሁ፤ ይሄ ግን የወለል ነው። ያኔውኑ ልነግርሽ ነበር፣ ፈራሁ።»

ካሚል ዓይኗን ማየት ፈርቶ ጨርቁን ደጋግሞ ያጥፈው ጀመር።

«ያ ሁሉ ምሳስ?»

«በላሁት።»

«ሻርፔስ?»

«ባጃጁ ወንበር ሥር ነው።»

ዙሀራ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ድምፅዋ ተሰበረና እንባዋ መጣ።

«እዚያ ጅዳስ፣ ምሳ በልተሃል ወይ የሚልህ ሰው ነበር?»

ካሚል የለም በሚል ራሱን ወዘወዘ።

«እኔን!» አለች ዙሀራ። «ስድስት ዓመት ሙሉ! እኔን!»

ተነሥታ ሳሚያን አስተኛችና ቅባቷን አምጥታ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሱንም አስቀምጣ ሽርጡን ገልጣ ሁለቱን ጉልበቶቹን ተራ በተራ፣ ሳትቸኩል አሸችለት። ካሚል ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ ያው ነው፤ እንዲያውም ያኔ ካየው ይበልጣል። ከዚያ ሳሚያን አንሥታ ቅባቱ ገና ያልደረቀው ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«በዚህ ጉልበትህ ዱዐ አድርግልን» አለችው።

ካሚል በአንድ እጁ ልጁን ደግፎ ሌላውን እጁን ዘረጋ። ቃል ግን አልወጣልህ አለው።

ዙሀራ ጠበቀችው፤ ጠበቀችውና «አሚን» አለች።