የወንድሜ አራት ደቂቃ

ወንድሜ ሱፍዋን ከጀውሃ ሲመለስ ባጃጁን የጭነት መኪና ገጨውና ሞተ። እናታችንን ዙልፋን፣ «ምንም አልተሰማውም፤ አንዲት ቃል ሳይናገር ነው የሄደው» አልናት። እኔም ያመንኩት ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ለለቀስተኞች ውሃ ሳዞር፣ ወንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ስልካቸውን ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው አየሁ። ያን ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጦ ሰው ሁሉ የሚቀባበለው በብሉቱዝ ነበር። የሱፍዋንን ፎቶ የሚለዋወጡ መሰለኝና ደስ አለኝ።

«ለእኔም ላክልኝ» አልኩት የአጎቴን ልጅ ጣሪቅን።

«አንቺ ይቅርብሽ፣ ሒክማ።»

«ለምን?»

ጣሪቅ አቀረቀረ። ከጎኑ የተቀመጠው ሐምዛ፣ የሱፍዋን የባጃጅ ተራ ጓደኛ፣ ስልኩን አቀበለኝ። «ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ነኝ የቀረጽኩት» አለ፣ ውለታ እንደዋለልን ሁሉ።

ቪዲዮው ላይ ሱፍዋን አስፋልት ዳር ተጋድሞ ውሃ ይለምናል። እጁን ሲዘረጋ ምስሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እጁ ሲወድቅ ተመልሶ ይጠጋል። አራት ደቂቃ።

«ውሃ አልነበረህም?» አልኩት።

«አምቡላንስ ተጠርቶ ነበርኮ።»

ይህን ሲል ከእጄ የተቀበለውን ውሃ ይጠጣ ነበር።

በዚህ መሃል ጥግ ላይ አንዱ ድምፁን ሳይቀንስ ከፈተው። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች። ስልኮቹ ሁሉ ኪስ ገቡ።

«የልጄ ድምፅ ነው» አለች። «አልተናገረም አላላችሁኝም?»

ሐምዛ ብቻ ቀና አለ። «እትዬ ዙልፋ፣ ለእርስዎም ልላክልዎት? በቁልፍ ስልክም ይገባል።»

እናቴ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችው። ነካክቶ ሲመልስላት ነዘረ፤ ይቀበሉ እንደሆነ የሚጠይቅ ጽሑፍ መጣ። ማንበብ ስለማትችል ለእኔ ሰጠችኝ። «አይ» የሚለውን ተጫንኩ።

«ገባ?»

«ስልክሽ አይችለውም፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ባንቺው ስልክ ይላክና አሰሚኝ። ምን እንዳለ ልስማው።»

«ብሉቱዝሽን ክፈቺው» አለኝ ሐምዛ፣ ስልኩን ወደ እኔ እያስጠጋ።

ስልኬን ጭራሽ አጠፋሁት። እናቴ ግን እፊቴ ተቀምጣ ትጠብቃለች።